ከመጅ እስከ ሞተር፤ የመንደር ወፍጮ ቤት ታሪክ

(በትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ አባላት የቀረበ)

ታሪክ በተባለ ጊዜ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን የነገሥታት ዘውድ፣ የጦር ሜዳ ድልና የከተሞች መቆርቆር ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ አገር ያለ መሪና ያለ አርበኛ አይቆምምና። ነገር ግን ንጉሡም፣ አርበኛውም፣ ከተማ የቆረቆረውም ሰው በየዕለቱ እንጀራ ይበሉ ነበር። እንጀራው የሚጋገረው ከዱቄት ነው፤ ዱቄቱንም ያላመው የሰው ክንድ ነው። ስለዚህ ክንድ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ለሚታተመው ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፣ እኛ የታሪክ ክበብ አባላት የመንደር ወፍጮ ቤትን ታሪክ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ርእሱን ስንመርጥ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ወፍጮ ቤት ደግሞ ከዱቄትና ከጫጫታ በቀር ምን ታሪክ አለው?» እያሉ ቀልደውብናል። ቀልዱን በደስታ ተቀበልነው፤ ከጥያቄ እንድንነሣ ረድቶናልና። ጥያቄያችንም ይህ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ በመንደር ውስጥ ወፍጮ ሲተክል ለመንደሩ የሚሰጠው ምንድን ነው? ያገኘነው መልስ አጭር ነው፤ ወፍጮ ቤት ለመንደር የሚሰጠው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ቀድሞ የማን እንደ ነበረ፣ በምን ዋጋ እንደ ተመለሰ፣ ዛሬም ለማን ገና እንዳልደረሰ ከዚህ ቀጥለን በተራ እናስረዳለን። ዓመታቱን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆነውን በየስፍራው አመልክተናል።

፩. የድንጋዩ ዘመን

የወፍጮ ሁሉ አባት ሁለት ድንጋይ ነው። ትልቁ ከታች ይቀመጣል፤ እርሱ ወፍጮ ይባላል። ትንሹ በሁለት እጅ ተይዞ በላዩ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እርሱም መጅ ይባላል። በአገራችን በብዙ ቤት ወፍጮው በድንጋይና በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይተከላል። ፈጪዋ ከበስተኋላው ቆማ ጎንበስ ቀና እያለች የሰውነቷን ክብደት በመጁ ላይ ትጥላለች፤ ዱቄቱም በወፍጮው ጫፍ በኩል ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ ይወርዳል።

የዚህ መሣሪያ ዕድሜ እጅግ የረዘመ ነው። የአክሱምን ዘመንና ከዚያም በፊት የነበረውን ዘመን የሚያጠኑ የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት በሰሜን ኢትዮጵያ በቆፈሯቸው የመኖሪያ ስፍራዎች የወፍጮ ድንጋይ አግኝተዋል። ከአገራችን ውጭ ደግሞ በሶርያ ምድር፣ አቡ ሁሬይራ በተባለው ጥንታዊ መንደር፣ የተገኘው ማስረጃ የሚያሳዝን ነው። ቴያ ሞለሰን የተባሉት የአጥንት ተመራማሪ በዚያ የተቀበሩትን ሰዎች አጥንት መርምረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሴቶቹ የእግር ጣት፣ ጉልበትና የታችኛው የጀርባ አጥንት በመንበርከክና መጅ በመግፋት ብዛት ተጎድቶ መገኘቱን ገልጸዋል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የኖረች አንዲት ሴት ስሟ ጠፍቶ ሳለ ሥራዋ ግን በአጥንቷ ላይ ተጽፎ ቆይቷል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እናቶቻችንና አያቶቻችን እንደሚነግሩን ሥራው የሚጀምረው ዶሮ ሲጮኽ ነበር። እህሉ አስቀድሞ ይበጠራል፤ ጠጠሩ ይለቀማል፤ ገብስ ከሆነ በሙቀጫ ይፈተጋል። ከዚያ በኋላ በወፍጮው ላይ መጀመሪያ ይሸረከታል፤ ቀጥሎ ተመልሶ ይፈጫል፤ እስኪልም ድረስም ይደጋገማል። ጤፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአንዲት ፍሬ ጤፍ ርዝመት አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ድንጋዩ በደንብ ካልተገጣጠመ ፍሬው ሳይነካ ሾልኮ ይወርዳል። ድንጋዩ በሥራ ብዛት ሲለሰልስም እህሉን መያዝ ስለሚሳነው በጠንካራ ድንጋይ ወይም በብረት መወቀር አለበት። አዲስ ከተወቀረ ወፍጮ የሚገኝ የመጀመሪያ ዱቄት አሸዋ አሸዋ እንደሚል ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለአንድ ቀን ወይም ለሁለት ቀን ምግብ ነበር። ዱቄቱ ካለቀ ነገም ዶሮው ይጮኻል፤ ነገም መጁ ይነሣል። ሴቶቹ ድካሙን ለማስረሳት በወፍጮ ላይ ያንጎራጉሩ ነበር። በዚያ እንጉርጉሮ ውስጥ የባል ነገር፣ የአማት ነገር፣ የናፍቆትና የኑሮ ነገር ሁሉ ይነሣል። ፊት ለፊት ለመናገር የሚያስፈራው ነገር በወፍጮ ድምፅ ተሸፍኖ ይወጣ ስለ ነበረ፣ የወፍጮ እንጉርጉሮን የሴቶች ችሎት ብንለው አናጋንንም።

በትልልቅ ቤቶች ደግሞ የፈጪዎቹ ዕጣ ከዚህ የከፋ ነበር። መኳንንቱ ግብር በሚያበሉባቸው ዘመናት እንጀራውን ለማድረስ ብዙ ፈጪ ያስፈልግ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ባሮችና ገረዶች ነበሩ። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የቀረው በ1934 ነው። ስለዚህ የወፍጮን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የባርነትን ታሪክ ዘሎ ማለፍ አይችልም።

የጦርነታችንም ታሪክ ከወፍጮ አይለይም። የካቲት 23 ቀን 1888 በአድዋ ድል ያደረገው ሠራዊት ስንቅ የሚያሰናዱለት ብዙ ሴቶች አብረውት ዘምተዋል። እህል ተሸክሞ የዘመተ ጦር ዱቄት ካላገኘ አይበላምና፣ ጦሩ በሰፈረበት ሁሉ የሚፈጭ እጅ ነበረ። የጎራዴውንና የጠመንጃውን ነገር በትምህርታችን ተምረናል፤ የመጁም ነገር አብሮ ሊነገር ይገባል እንላለን።

፪. ውኃ ለሰው በፈጨ ጊዜ

የሰው ልጅ ይህን ድካም በሌላ ኃይል ለመተካት ማሰብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው የሕንጻ ሊቅ ቪትሩቪዩስ በወራጅ ውኃ የሚዞር ወፍጮ እንዴት እንደሚሠራ ጽፏል። በዚያው ዘመን ግድም የነበረው የተሰሎንቄ ሰው ባለ ቅኔው አንቲፓትሮስም ስለ ውኃ ወፍጮ ግጥም ገጥሟል። የግጥሙ ሐሳብ፣ ፈጪ ሴቶች ከእንግዲህ ዶሮ ቢጮኽም ይተኙ፣ ሥራቸውን ውኃው ይዞላቸዋል የሚል ነው። ይህን ባነበብን ጊዜ ተደንቀናል፤ የውኃ ወፍጮ ሲሠራ አስቀድሞ የታየው ጥቅም የሴቶች ዕረፍት ነበርና።

የውኃ ወፍጮ አሠራሩ ቀላል ነው። የወንዙ ውኃ በቦይ ተጠልፎ ከከፍታ በኃይል ይለቀቃል፤ ከሥር ያለውንም መንኰራኵር መትቶ ያዞረዋል፤ መንኰራኵሩም የላይኛውን ድንጋይ ይዞ ይዞራል። ነዳጅ አይጠይቅም። በአገራችንም ምቹ ወራጅ ወንዝ ባለባቸው አንዳንድ ቦታዎች እንዲህ ያለ ወፍጮ ተተክሎ አገልግሏል።

ታዲያ ወንዝ በሞላባት አገራችን የውኃ ወፍጮ በየመንደሩ ያልተስፋፋው ስለ ምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ከተፈጥሮ የመጣ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ወንዞቻችን በክረምት ደፍርሰው ቦዩንና ግድቡን ጠራርገው ይሄዳሉ፤ በበጋ ደግሞ ይደርቃሉ ወይም ይቀጥናሉ። አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ ሞልቶ ወፍጮ አብዝቶ በሚፈለግበት በበጋ ወራት ውኃው ይሸሻል። ሁለተኛው ምክንያት ሕዝቡ በብዛት በደጋው ላይ ሲኖር ወንዙ ግን በሸለቆው ሥር መሆኑ ነው። እህል ተሸክሞ ገደል ወርዶ፣ ዱቄት ተሸክሞ ገደል መውጣት ከመጁ ድካም ብዙ የሚሻል አልነበረም።

፫. «ባቡር» ወደ መንደር መጣ

በብዙ ገጠሮቻችን ሽማግሌዎች በሞተር የሚሠራውን ወፍጮ «ባቡር» ይሉታል። «እህሉን ባቡር ቤት ውሰጂው» ሲባል የሰማ የከተማ ልጅ ግራ ሊገባው ይችላል። ነገር ግን ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ባቡር የሚለው ቃል መነሻው እንፋሎት የሚል ትርጉም ያለው የአውሮፓውያን ቃል ነው፤ በኋላም ጢስ እየተፋ በራሱ ኃይል ለሚሠራ ሞተር ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ይህ ሞተር ወደ መንደር እስኪደርስ ሦስት ነገሮች መሟላት ነበረባቸው። የመጀመሪያው ሞተሩ ራሱ ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል በስሙ የሚጠራውን ሞተር በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ውጤቱን ያሳየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነው። ይህ ሞተር በናፍጣ ስለሚሠራ፣ የማገዶ ክምርና የእንፋሎት ጋን ሳያስፈልገው በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ሊተከል ይችላል።

ሁለተኛው ማጓጓዣ ነው። ከባድ ብረት በበቅሎና በግመል ጀርባ ተጭኖ ከባሕር ጠረፍ እስከ ደጋው መድረስ እጅግ የሚቸግር ነገር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ሞተርና የወፍጮ ድንጋይ እስከ መሐል አገር መምጣት ቻለ።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ከሐዲዱ እስከ መንደሩ ያለው አገር ሰፊ ነው። ከ1928 እስከ 1933 በቆየው ወረራ ጊዜ ጠላት ለጦሩ መተላለፊያ ብሎ ያስጠረጋቸው መንገዶች ከነጻነት በኋላ ለሰላም ሥራ ዋሉ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትም መንገዶቹን እየጠገነና አዳዲስ እየጨመረ ሄደ። የጭነት መኪና በደረሰበት ናፍጣ ይደርሳል፤ ናፍጣ በደረሰበትም ወፍጮ ይተከላል።

በእነዚያ ዘመናት ስማቸው ከታወቀ ሞተሮች አንዱ በእንግሊዝ አገር በደርስሊ ከተማ ይሠራ የነበረው ሊስተር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ብቅ ያለው ዝግተኛው የሊስተር ሞተር በልዩ ልዩ አገሮች ለወፍጮና ለውኃ መሳቢያ ተመራጭ ሆኖ ኖሯል። ባለ አንድ ሲሊንደሩና ባለ ስድስት የፈረስ ጉልበቱ በደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሁለት ከባድ መዘውሮች አሉት፤ በእጅ እየዞረ ይነሣል፤ በአጠገቡ ባለ በርሜል ውኃም ይቀዘቅዛል። ዝግተኛ መሆኑ ዕድሜውን አረዘመለት፤ ቀላል መሆኑም የመንደር ሰው በራሱ እጅ እንዲጠግነው አስቻለው።

ከሞተሩ የሚነሣው ቺንጋ ወፍጮውን ያዞራል። በወፍጮው ውስጥ ሁለት ክብ ድንጋዮች ፊት ለፊት ይገጠማሉ፤ አንደኛው ይቆማል፤ ሁለተኛው ይዞራል። ከላይ የፈሰሰው እህል በድንጋዩ መሐል ገብቶ በተወቀሩት መስመሮች መካከል እየተፈጨ ወደ ዳር ይወጣል። እንግዲህ አስተውሉ! የጥንቱ ወፍጮና መጅ አልጠፉም። አሁንም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይፈጫል፤ አሁንም ሲለሰልስ ይወቀራል። የተለወጠው ገፊው ነው።

፬. የቤተሰቡ ሥራ

የመንደር ወፍጮ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ሥራ ነው። ፋብሪካ እንዳይባል ሠራተኞቹ አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው፤ ሱቅ እንዳይባል የሚሸጥ ዕቃ የለውም። ለመትከያው በሬ ይሸጣል፤ ከዘመድ ብድር ይወሰዳል፤ ወንድማማቾች ገንዘባቸውን ያዋጣሉ። ቦታውም ሰው በሚያዘወትርበት በገበያ መንገድ ወይም በቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ይመረጣል።

ቤተሰቡ ሥራውን ይከፋፈላል። አባት ሞተሩን ያስነሣል፤ የድንጋዩን መቀራረብ ያስተካክላል። ልቅ ከሆነ ዱቄቱ ይሻክራል፤ ከጠበቀም ዱቄቱ ይግላል፤ ድንጋዩም ያልቃል። ስለዚህ ከአፉ የሚወርደውን ትኩስ ዱቄት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እያሸ ይፈትነዋል። ይህን ዕውቀት የሚሰጥ ትምህርት ቤት የለም፤ ልጅ ከአባቱ ጎን ቆሞ በጣቱ ይማረዋል። እናት ሚዛኑን ትይዛለች፤ ሳንቲሙን ትቀበላለች፤ የማን እህል ከማን እንደሚቀድም ትዳኛለች። ትምህርት ቤት የገባው ልጅ ደግሞ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የዱቤውን መዝገብ ይጽፋል። የተማረው መደመርና መቀነስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቱ ጥቅም የሚሰጠው እዚያ ላይ ነው።

ተራ ማስጠበቅ ቀላል ዳኝነት አይደለም። ነጭ ጤፍ ከጥቁር ጤፍና ከማሽላ በፊት መፈጨት ይፈልጋል፤ አለዚያ መልኩ ይበላሻል። የሽሮ እህል የራሱ ጊዜ አለው። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ጤፍ ያስፈጨች ሴት ደግሞ እንጀራዋ ያቃጥላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለ ወፍጮ ለበርበሬ ሌላ ወፍጮ ያቆማል፤ ወይም ቀን ይለይለታል። በድንጋዩ መካከል የቀረው የሌላ ሰው ዱቄትና በወለሉ ላይ የፈሰሰውም የጠብ ምንጭ ነው። አንዲት እናት ባመጣችው ሚዛን ልክ ዱቄቷን ካላገኘች በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ መንደር ትሄዳለች። በመሆኑም ለወፍጮ ቤት ዋናው ሀብት ታማኝነቱ ነው፤ ሞተር ቢሰበር ይጠገናል፤ ስም ከተሰበረ ግን መለዋወጫ የለውም።

ወፍጮ ቤት የመንደሩ ሸንጎ ጭምር ነው። እንደ አዲስ ዓመትና እንደ ፋሲካ ያሉ በዓላት ሲቃረቡ ተራው ይረዝማል፤ ሴቶቹ በጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ማን እንደ ወለደች፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ልጅ ለማን እንደ ታጨች ይነገራል። የሞተሩ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ወፍጮው እየሠራ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ድምፁ በጠፋ ቀንም ከየቤቱ «ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል።

ይህ ኑሮ አደጋም አለበት። የነጠላ ወይም የቀሚስ ጫፍ በሚዞረው ቺንጋ ከተያዘ ሰውን ይጎዳል፤ ሕይወትም ያጠፋል። ቀኑን ሙሉ በብናኝ ውስጥ የሚውል ሰው ሳንባው ይታመማል፤ በሞተሩ ጩኸት ምክንያትም ጆሮው ይደክማል። መንደሩ ያተረፈውን ዕረፍት ባለ ወፍጮው ቤተሰብ በጤናው የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ወላጆቻችን ልጆቻቸውን ወደ ወፍጮ ቤት ሲልኩ «ከቺንጋው ራቁ» ማለታቸው ስለዚህ ነውና፣ ምክራቸውን እዚህ ላይ እንደግመዋለን።

፭. ዘመን ሲለወጥ

የመንደር ወፍጮ ትንሽ ሥራ ቢሆንም የአገር ነፋስ ሁሉ ይነካዋል። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጁ፤ በብዙ ቦታም የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የራሳቸውን ወፍጮ ተከሉ። በማኅበር ወፍጮ ብዙ ሕዝብ ተጠቅሟል። ነገር ግን የሁሉም የሆነ ነገር የማንም የማይሆንበት ጊዜ ስላለ፣ ድንጋዩን በጊዜው የሚወቅር ታጥቶ የቆመ ወፍጮም ነበር። የመንግሥት ለውጥ በ1983 ከሆነ በኋላ የግል ንግድ ስለ ተፈቀደ የቤተሰብ ወፍጮዎች እንደገና በረከቱ።

በ1977 የደረሰው ረኀብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። እህል በሌለበት ወፍጮ አይዞርም፤ ድርቅ በመታው አገር የወፍጮ ቤት ዝምታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማ የችግር ምልክት ነው። ዕርዳታው ስንዴ ሆኖ ሲመጣም ፍሬው ሳይፈጭ ለሕፃን አይሰጥምና፣ ወፍጮ የሌለበት ሰፈር ችግሩ እጥፍ ይሆንበታል።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ሥራ ሲጀምር ተጠቃሚዎቹ በይበልጥ ከተሞችና ፋብሪካዎች ነበሩ። መብራትን ወደ ገጠር ቀበሌዎች ለማድረስ ሰፊ ዕቅድ ወጥቶ የተሠራው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በጳጉሜን 2017 ደግሞ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመርቋል። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ጢስ የለውም፤ ናፍጣ ከከተማ ማስጫን አያስፈልገውም፤ በአንድ ቁልፍ ይነሣል። ሆኖም «መብራት ሄደ» በተባለ ጊዜ ከነጆንያው መመለስ አለ። ስለዚህ አንዳንድ ጠንቃቃ ቤተሰቦች አሮጌውን የናፍጣ ሞተር ሳይሸጡ በጥግ አስቀምጠውታል።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ልናሳስብ እንወዳለን። የታሪክ መንገድ ወደ ፊት ብቻ የሚወስድ ይመስለን ነበር። ከ2013 እስከ 2015 በሰሜን አገራችን በሆነው ጦርነት በትግራይ መብራትና ነዳጅ በተቋረጠ ጊዜ ወፍጮ ቤቶች ቆመው እናቶች ወደ ድንጋዩ ተመልሰዋል። በአያቶች ቤት በጥግ ተጥሎ የነበረው መጅ ተጠርጎ ተነሣ። ሰላም በጠፋበት ጊዜ የብዙ ዓመት ዕረፍት በአንድ ወር ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

፮. የተገኘው ጊዜና ያልተከፈለው ዕዳ

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ወፍጮ ቤቱ የሰጠው ጊዜ ለማን ደረሰ? ለእናቶች እንደ ደረሰ ግልጽ ነው። ከዚህም ሌላ ለሴት ልጆች ደርሷል። የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ሲከፈት ለአገራችን ሴቶች ታላቅ በር ተከፍቷል። ነገር ግን በገጠር የምትኖር ልጅ በር ቢከፈትላትም እንኳ ጧት መጁ እጇን ይዞ ያስቀራት ነበር። ከእናቷ ጎን ቆማ የምትፈጭ ልጅ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል መድረስ አትችልም። መምህራን ትምህርትን ያመጣሉ፤ መንግሥት ቤቱን ይሠራል፤ ልጅቱን ከወፍጮው ላይ የሚያነሣት ግን በመንደሩ የተተከለው ሞተር ነው። ዛሬ በክፍላችን ከእኛ ጋር የተቀመጡት እኅቶቻችን ወንበራቸውን ያገኙት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ሒሳቡን በሙሉ ማቅረብ ይገባናል። አንደኛ፣ ድንጋዩ የሴት ሥራ ነበር፤ ሞተሩ ግን በይበልጥ የወንድ ሥራ ሆነ። መፍጨት ያለ ዋጋ ሲሠራ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሴት ግዴታ ይባል ነበር፤ ገንዘብ ማስገኘት በጀመረ ጊዜ ሙያ ተባለ፤ ሙያውም ወደ ወንዶች እጅ ገባ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ በጉልበት ይሠራ የነበረው አሁን ሳንቲም ይጠይቃል። ሳንቲም የሌላት እናት እንቁላሏን ወይም ጥቂት እህሏን ሸጣ ታስፈጫለች፤ ያም ከጠፋ ወደ መጅ ትመለሳለች። ሦስተኛ፣ ወፍጮው በራቀበት አገር ድካሙ ከክንድ ወደ ጀርባ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም፤ እህሉን ተሸክማ ረጅም መንገድ ሄዳ ዱቄቱን ተሸክማ የምትመለሰው አሁንም ያችው ሴት፣ ብዙ ጊዜም ልጇ ናት። በገበያ ቀን ክፍል ውስጥ የማትታይ ጓደኛ ያለችን ተማሪዎች የት እንደ ዋለች እናውቃለን።

ለቤተሰብ ወፍጮዎችም ዘመኑ ቀላል አይደለም። በከተማ የታሸገ ዱቄት፣ የባልትና ሱቅና የተጋገረ እንጀራ በዝተዋል። የቤቱ ልጆች ተምረው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ ድንጋዩን የሚወቅር ይጠፋል። ይህን በማየት አንዳንድ ሰዎች የመንደር ወፍጮ ዘመኑ አልፏል ይላሉ። እኛ ግን ሸማቹ የገዛ ማሳውን እህል አይቶ፣ ለይቶና አስፈጭቶ መብላት እስከ ወደደ ድረስ ይህ ቤት ያስፈልጋል እንላለን። ጤፏን ራሷ አበጥራ ራሷ የምታስፈጭ እናት በዱቄቷ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃለች።

ስለዚህ በዚህ በዓል ምክንያት ሦስት ነገር ለመጠየቅ እንወዳለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ የእህል ሸክም በትምህርት ቀን በሴት ልጃችሁ ላይ እንዳይወድቅ አድርጉ፤ ወንድ ልጃችሁም ጀርባ አለው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ በገበያ ቀን የምትቀረውን ተማሪ ከመቅጣታችሁ በፊት ወፍጮው ከቤቷ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠይቋት። ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ስለ ወፍጮ ጠይቋቸው፤ እንጉርጉሮአቸውንም በደብተራችሁ ጻፉት። በቤታችሁ ጥግ የተጣለ አሮጌ መጅ ካለ አምጡልን። በክበባችን ክፍል በመደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከሥሩም የገፋችውን ሴት ሙሉ ስም በጥሩ ጽሕፈት እንጽፋለን።